ልጃችሁን ሰስፔንድ ሲያረጉባችሁ (ከትምህርት ሲያግዱባችሁ)፦ ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ምን ማረግ አለባችሁ (አሜሪካ ላላችሁ የሐበሻ ወላጆች)

ስልኩ የተደወለልኝ ስራ ላይ ሆኜ ነው። ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው፣ አንዷን አሮጊት ምሳ እያበላሁ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዝም አልኩት፣ ደግሞ ተደወለ፣ ደግሞ ተደወለ፣ ሶስተኛው ላይ አውጥቼ ሳይ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ነው፣ በቃ ጉልበቴ ከዳኝ። አሲስታንት ፕሪንሲፓሉ ነው። ልጅሽ ለሶስት ቀን ሰስፔንድ ተደርጓል መጥተሽ ውሰጂው አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አይ አም ሶሪ ሰር፣ ታንክ ዩ ሰር። አመሰገንኩት እኮ! ከዛ ሄጄ የሰጡኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ልጄን አፉን ሳላስከፍት ቤት እስክንደርስ ስሰድበው ሄድኩ።

ማረግ የሌለብኝን ሁሉ በአንድ ከሰዓት አረኩት ማለት ነው። ይሄን የምጽፈው እናንተ እንዳትደግሙት ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ከዛ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ስሯሯጥ ብዙ ነገር አይቻለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዛ ያደላሉ፣ ዋናው ነገር ግን የትም ስቴት ያው ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፣ ጉዳዩ የእናንተም መሆኑን እወቁ

እኛ ጋ የተለመደች አባባል አለች፣ «ይሄ የጥቁር አሜሪካኖች ጣጣ ነው፣ የኛ ልጆች ጨዋ ናቸው» የምትል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ልጃችን ቤት ውስጥ ሐበሻ ነው፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ነጠላ ለብሶ ሲቆም ሐበሻ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ ግን ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን የምትለዋ ሳጥን ናት የምትሞላው፣ አስተማሪዋም ኮሪደር ላይ የምታየው ቁመቱ ቶሎ የሄደ ጥቁር ልጅ ነው። እናቱ ጎንደር ትወለድ ባልቲሞር ማንም አይጠይቅም።

ቁጥሩ ደግሞ ያስደነግጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መስሪያ ቤት፣ ጂ ኤ ኦ የሚሉት፣ በ2018 ባወጣው ሪፖርት በ2013-14 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከመንግስት ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15.5 ከመቶ ሆነው ሳለ ሰስፔንድ ከተደረጉት ውስጥ ግን 39 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ድህነት ነው እንዳትሉ፣ ሀብታም ሰፈርም ደሃ ሰፈርም ልዩነቱ እንዳለ ነው ያገኙት። በዛው ዓመት የትምህርት ሚኒስቴሩ መረጃ ላይ ፕሪስኩል ውስጥ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ህፃናት ማለት ነው፣ ጥቁሮቹ 19 ከመቶ ሆነው ሰስፔንድ ከተደረጉት 47 ከመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ምን ቢያረግ ነው የሚታገደው?

ለኔ ከቁጥሩ በላይ አይኔን የከፈተልኝ ግን ሌላ ነው። ረስል ስኪባ የሚባል የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር በ2002 ባወጣው ጥናት ልጆች ወደ ቢሮ የተላኩበትን ምክንያት አገላብጠው አዩት። ነጭ ልጆች የሚላኩት በአይን በሚታይ ነገር ነው፣ ሲጋራ አጨሰ፣ እቃ ሰበረ፣ ሳይፈቀድለት ወጣ። ጥቁር ልጆች ደግሞ አስተማሪው በገመተው ነገር፣ ክብር አላሳየም፣ ጮኸ፣ አስፈራራ። እና የልጄን ወረቀት መልሼ ሳየው ምን ይላል? ዲስሪስፔክት እና ዲፋያንስ፣ ንቀትና እምቢተኝነት ማለት ነው። በቃ ሁለት ቃል። ምን እንዳረገ አንድም የለም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ አንድ ስራ ነው ያለው፣ ያቺን ቃል ወደ ድርጊት ማስቀየር። «ምን አረገ? በየትኛው ሰዓት? በየትኛው ደንብ?» እያላችሁ በፅሁፍ መጠየቅ።

1. ስልኩ ሲደወል

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ከሌለ የስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉ። የደወለው ማነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ልጁ ምን አረገ፣ የትኛው ደንብ ነው የተጣሰው፣ ስንት ቀን ነው፣ ቤት ነው የሚቀመጠው ወይስ ኢን-ስኩል ነው፣ ማለት እዛው ትምህርት ቤት ከክፍሉ ተለይቶ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉና ዝም በሉ። አያሳፍርም፣ አትፈሩ።

የማይባሉ ነገሮች አሉ። ይቅርታ አትበሉ ገና ምን እንደሆነ ሳታውቁ፣ ያመናችሁ ይመስላል። ሌላው ከባዱ፣ እኛ ሀገር ወላጅ አስተማሪን ለማክበር «ምቱልኝ፣ ቆዳው የእናንተ አጥንቱ የኔ» እንደሚለው እዚህም «አይ ዊል ፐኒሽ ሂም አት ሆም» የምትሉ አላችሁ። ኸረ በፈጣሪ! የትምህርት ቤት ሰራተኛ ልጅ ይመታል ብሎ ከጠረጠረ ለህፃናት ጥበቃ ማሳወቅ ግዴታው ነው በህግ። የምታውቁት ሳይኖር ሶስት ቀን የነበረው ጣጣ በር ተንኳኩቶ ሶሻል ወርከር ሆኖ ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። አንዳንዴ «ዛሬ ትንሽ ተረብሿል፣ መጥታችሁ ብትወስዱት ጥሩ ነው» ይላሉ፣ ወረቀት የለ ምን የለ። ሰው ያዘኑለት ይመስለውና ከስራ ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል። ይሄ ብዙ ጊዜ ያልተመዘገበ ሰስፔንሽን ነው፣ ቁጥራቸው ላይ አይገባም፣ እናንተም ይግባኝ የምትሉበት ነገር አይኖራችሁም፣ ልጁ ግን ትምህርቱ አመለጠው። «ይሄ ሰስፔንሽን ነው ወይስ አይደለም? ከሆነ ወረቀቱን ስጡኝ፣ ካልሆነ ክፍሉ ይመለስ» ብላችሁ ጠይቁ። በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ጠይቁ።

2. ልጁን ስሙት (ቁጣው ይቆይ)

ይሄኛው ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም እኔ የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው።

ልጄ እስከ ማታ አልተናገረም። ማታ እህቱ ናት ያወጣጣችው። የሆነው እንዲህ ነው፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ሲያወራ አስተማሪዋ ጠራችው፣ «ሳወራህ አይኔን እየኝ» አለችው፣ እሱ መሬት መሬት አየ። «መልስልኝ እንጂ» አለች፣ ዝም አለ። ሶስተኛ ጊዜ ስትጮህ «ምን አረኩ?» አለ፣ ውጣ ተባለ። አብሮት ያወራው ልጅ ወንበር ተቀየረለት፣ አለቀ።

እንግዲህ አስቡት። ትልቅ ሰው ሲቆጣህ አይን አይኑን አትይ፣ አትመልስ፣ አንገትህን ድፋ ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባቱም አያቱም እንደዛ ነው ያደጉት። ያ ለሷ ንቀት ሆኖ ታያት። በተማረው ጨዋነት ነው የተቀጣው ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ጨመርኩለት። እስካሁን ያቺ መንገድ ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

እና እንዲህ አርጉ። የዛኑ ማታ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ ቋንቋ ይናገር፣ እናንተ አታቋርጡ። ማን የት ተቀምጦ ነበር፣ ማን ምን አለ፣ ማን አየ፣ ሌላው ልጅ ምን ተደረገ። እንግሊዝኛ ከሆነ የሚቀለው በእንግሊዝኛ ይጻፈው፣ ቀንና ሰዓት ይኑረው። ካጠፋም ያጠፋውን ይጻፍ፣ ልጅ አያጠፋም አላልኩም፣ የኔም ክፍል ውስጥ ሲያወራ ነበር። ጥያቄው ያጠፋው ነገር ሶስት ቀን ያሳግዳል ወይ ነው።

3. ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ

ቢሮ ውስጥ ሰው ቆሞ እየጠበቃችሁ ማንበብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቤት ወስጄ ላንብበው ማለት ይቻላል። ካስፈረሟችሁም ከፊርማው ጎን «የተቀበልኩት ብቻ ነው፣ አልተስማማሁም» ብላችሁ ጻፉበት፣ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም ከምንም ይሻላል። አንዳንዴ ደግሞ «ኤክስፔል ከሚደረግ (ጨርሶ ከሚባረር) እራሳችሁ ብታስወጡት ይሻላል ሪከርዱ ንፁህ ይሆናል» የሚል ወረቀት ያመጣሉ። እሱን ሰው ሳታማክሩ በፍፁም አትፈርሙ፣ ስትፈርሙ የይግባኝ መብታችሁንም አብራችሁ ነው አሳልፋችሁ የምትሰጡት።

ህጉ ምን ይላል? በ1971 ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ በተነሳ ረብሻ ብዙ ተማሪ ተባረረ፣ አንዱ ሎፔዝ የሚባል ልጅ እኔ ቆሜ ነበር እንጂ ምንም አላረኩም ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ1975 ተፈረደ። ጎስ ቨርሰስ ሎፔዝ ይባላል፣ ስሙን ያዙት። እስከ 10 ቀን ለሚሆን እገዳ እንኳን ልጁ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረው፣ ካልተቀበለ ማስረጃው ሊብራራለት፣ የራሱን ወገን ሊናገር ይገባዋል ነው የሚለው። አደገኛ ነገር ካለ መጀመሪያ አስወጥተው ቶሎ ብለው መስማት ይችላሉ። ከ10 ቀን ሲበልጥ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ስርዓት ሊያስፈልግ ይችላል ይላል። ይሄ ለመንግስት ትምህርት ቤት ነው፣ ቻርተርን ጨምሮ። ፕራይቬት ከሆነ የፈረማችሁት ውል ነው የሚገዛችሁ።

ልጄን «ከመታገድህ በፊት ያንተን ጠየቁህ?» ብዬው አይ አለኝ። ኢሜይሌ ላይ የመጀመሪያዋ መስመር እሷ ሆነች።

4. ኢሜይሉ (ዋናው እዚህ ነው)

በቃል የተባለ ነገር አልተባለም ብላችሁ ቁጠሩት። ባይሆን እንኳን በአካል ወይ በስልክ ካወራችሁ በኋላ «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብላችሁ ጻፉ። ቶሎ መሆን አለበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የካሜራው ቅጂ ከጥቂት ቀን በኋላ በላዩ ይቀዳበታል። ለፕሪንሲፓሉ ላኩት፣ ለካውንስለሩ ኮፒ አርጉ። ይዘቱ ይሄን የመሰለ ይሁን፣ ልጃችሁ ወይ ጎረቤት ወደ እንግሊዝኛ ይመልስላችሁ፦

«የእገሌ ወላጅ ነኝ። ልጄ በዚህ ቀን ለዚህን ያህል ቀን ታግዷል። ከመታገዱ በፊት የራሱን ቃል እንዲሰጥ እንዳልተጠየቀ ነግሮኛል። እባካችሁ የሚከተሉትን በፅሁፍ ስጡኝ። አንደኛ፣ ልጄ ያረገውን ድርጊት፣ የተናገረውን ቃል ወይም የሰራውን ስራ፣ ከነሰዓቱ። ሁለተኛ፣ የተጣሰውን ደንብ ቁጥር። ሶስተኛ፣ ከእገዳው በፊት የተሞከሩ ሌሎች እርምጃዎችን። አራተኛ፣ አስተማሪዋ ልጄን ወደ ቢሮ የላከችበትን ወረቀት (ረፈራል) እና የልጄን ሙሉ የዲሲፕሊን ፋይል። አምስተኛ፣ የእለቱ የካሜራ ቅጂ ካለ እንዳይጠፋ እንዲቀመጥልኝ። በታገደባቸው ቀኖች የቤት ስራና ፈተናው እንዴት እንደሚደርሰው ንገሩኝ። በስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

አትሳደቡ፣ «ዘረኞች ናችሁ» አትበሉ እዚህ ላይ፣ ጊዜው አይደለም። ያ ቃል ከመጣ ሰዎቹ በር ይዘጋሉ፣ ጠበቃቸው ጋ ይደውላሉ፣ የናንተ ጥያቄ ይረሳል። ማስረጃው ይምጣ መጀመሪያ።

ፋይሉን የማየት መብታችሁ ፌርፓ ከሚባለው የ1974 ህግ ነው የሚመጣው፣ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለባቸው፣ አንዳንድ ስቴት ከዛ ያፈጥናል። የልጃችሁ ፋይል ላይ ትክክል ያልሆነ ወይ የሚያሳስት ነገር ካለ ይስተካከል ማለት ትችላላችሁ፣ እምቢ ካሉ ሂሪንግ (ጉዳያችሁ የሚሰማበት ስብሰባ) ትጠይቃላችሁ፣ ሂሪንጉም እምቢ ካለ የራሳችሁን ማብራሪያ ፋይሉ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ያ ማብራሪያ ፋይሉ እስካለ አብሮ ይኖራል።

ለኔ መልሱ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው፣ እገዳው አልቆ። እንዲህ ይላል፣ ተማሪው ወደ ታች በማየት ጥያቄ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ያቺ ትልቅ ቃል ተፍታታ ተፍታታ መሬት ማየት ሆነች። ከዛ በኋላ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ነው የሆነው።

5. አስተርጓሚ፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙት

የተከሰሰ ልጅ የራሱን ክስ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ፣ እየሳቀ ነው የሚያስተረጉመው፣ ግማሹን ይውጠዋል። ሞንጎምሪ ካውንቲ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ህግ አለው፣ አማርኛም በሱ ይተረጎማል። ሌላም ቦታ ቢሆን የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ከትውልድ ሀገር ጋር በተያያዘ ማዳላት አይችልም፣ ስለዚህ ጠይቁ፣ በፅሁፍ፣ ከስብሰባው ቀደም ብላችሁ። አስተርጓሚው ካልመጣ ስብሰባው ይተላለፍ በሉ። እንግሊዝኛ እችላለሁ የምትሉም ቢሆን፣ ስራ ላይ የምንጠቀምበት እንግሊዝኛና ተናደን የምንናገረው እንግሊዝኛ አንድ አይደለም።

6. ስብሰባው

ብቻችሁን አትሂዱ። አንድ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ፣ ስራው መጻፍ ብቻ ይሁን። የማኅበራችሁ ሰው፣ ጎረቤት፣ ማንም። እነሱ አራት ሆነው ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ እናንተ አንድ ስትሆኑ አንገት የሚደፋው ማን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ። ሶስቱ ለኔ የሰሩት እነዚህ ናቸው። «ይሄ ደንብ ባለፈው ስንት ጊዜ በእገዳ ተቀጣ፣ ስንት ጊዜ ወንበር በመቀየር?» የሌላ ልጅ ስም አይነግሯችሁም፣ አትጠይቁም፣ ግን ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆኑን መጠየቅ ትችላላችሁ። «ከማገድ በፊት ምን ሞከራችሁ?» ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። «ክብር አለማሳየት ስትሉ እዚህ ደንብ መፅሐፍ ላይ ትርጉሙ የት ገፅ ነው?» ሀንድቡኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዌብሳይታቸው ላይ አለ።

የስቴታችሁንም ህግ እወቁ፣ ባለፉት አስር ምናምን ዓመታት ብዙ ነገር ተቀይሯል። ሜሪላንድ በ2017 ከፕሪኬ (ከመዋዕለ ህፃናት በፊት ካለው) እስከ 2ኛ ክፍል ማገድን ከለከለች፣ በጣም አደገኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር። ቨርጂኒያ በ2018 እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት ከ3 ቀን እንዳይበልጥ አረገች፣ ረጅሙን እገዳ ደግሞ አንድ ዓመት ሊጠጋ ይችል የነበረውን ወደ 45 የትምህርት ቀን አወረደችው፣ ሁለቱም ከባድ ጥፋት ሲሆን ልዩ ሁኔታ አላቸው። ዲሲም በ2018 ገድባለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ በቀጥታ ቃሉ ላይ ነው የሄደችው፣ «ሆን ብሎ አለመታዘዝ» በሚል ብቻ ልጅ ማገድን መጀመሪያ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት፣ ከዛ እስከ 8ኛ፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ እስከ 12ኛ ከለከለች። ሎስ አንጀለስ ከስቴቱም ቀድሞ በ2013 ነው የተወው። የልጄ ወረቀት ካሊፎርኒያ ቢሆን ኖሮ አይጻፍም ነበር ማለት ነው።

የኔ ስብሰባ እንዴት አለቀ ለምትሉ፣ ሶስቱን ቀን አልመለሱልኝም፣ ያለፈ ነገር ነው አሉ። ሁለቱ ቃላት ግን ከፋይሉ ወጡ፣ በምትኩ «ክፍል ውስጥ ማውራት» ተጻፈ። አስተማሪዋም መጥታ ነበር፣ ስለ አይን ነገር ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ፣ አላወቅኩም ነበር አለች፣ አመንኳት። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ፋይሉ እንደነበረ ቢቀመጥ ሚቀጥለው ዓመት ሌላ አስተማሪ ታነበዋለች። ስታንፎርድ ውስጥ በ2015 የተሰራ ጥናት አለ፣ አስተማሪዎች የአንድ ተማሪ ሁለት ትንንሽ ጥፋት እንዲያነቡ ተሰጣቸው፣ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው፣ የጥቁር የሚመስል ወይ የነጭ የሚመስል። መጀመሪያው ጥፋት ላይ ብዙም አልተለያዩም። ሁለተኛው ላይ ግን የጥቁር ስም ያለውን ይበልጥ ችግረኛ አርገው አዩት፣ ጠንከር ያለ ቅጣት ፈለጉ። የመጀመሪያዋን ወረቀት «ሶስት ቀን ነው፣ ይለፍ» ብላችሁ አትተዉዋት የምለው ለዚህ ነው።

7. ልጁ የትምህርት ወይ የጠባይ ችግር አለው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ

እኛ እዚህ ላይ ሀፍረት አለብን፣ «ልጄን እብድ ሊሉት ነው» ብለን አይ ኢ ፒ የሚባለውን፣ ለልዩ ፍላጎት ልጅ የሚወጣውን የትምህርት እቅድ፣ እንሸሻለን። ግን አይ ኢ ፒ ወይ 504 ፕላን (ክፍል ውስጥ ድጋፍ የሚሰጥ ሌላ እቅድ) ያለው ልጅ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ሊታገድ ሲል ውሳኔው በተሰጠ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ስብሰባ ተደርጎ ጥፋቱ ከችግሩ የመጣ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ከችግሩ ከመጣ በአብዛኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። ገና ያልተመረመረ ልጅ እንኳን ወላጁ ከጥፋቱ በፊት በፅሁፍ ስጋቱን ገልፆ ከነበረ ጥበቃው ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ዛሬ ጻፉ፣ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ።

8. ፖሊስ ካለበት

ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ሪሶርስ ኦፊሰር የሚባል ፖሊስ አለ፣ ፈገግ ይላል፣ ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ፖሊስ ነው ግን። ልጃችሁን አስተምሩት፣ በትህትና «እናቴ ወይ ጠበቃ እስኪመጣ አልናገርም» ማለት ይችላል። እኛ «እውነቱን ተናገርና ነፃ ውጣ» እያልን ነው የምናሳድገው፣ ለንስሐ አባት ጥሩ ነው ለፖሊስ አይሰራም። ክስ ከተመሰረተ ደግሞ ዜግነት ያላገኘ ልጅ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቁ። ወረቀት የሌላችሁም ብትሆኑ ልጃችሁ የመንግስት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው፣ በ1982 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ ነው፣ በዛ የሚያስፈራራችሁን አትስሙ።

9. ይግባኝና ክስ

ይግባኙ የሚጀምረው ከዲስትሪክቱ ነው፣ መጀመሪያ ኃላፊው ሱፐርኢንቴንደንቱ፣ ከዛ የትምህርት ቦርዱ፣ ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ሀንድቡኩ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ይሁን።

ልጃችሁ ከነጭ ልጅ ጋር አንድ ጥፋት አጥፍቶ የተለየ ቅጣት ከተቀጣ፣ ወይ በቋንቋችሁ ምክንያት ከተገፋችሁ፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብት ቢሮ፣ ኦ ሲ አር የሚባለው፣ ጋ መክሰስ ይቻላል። ነፃ ነው፣ ጠበቃ አይጠይቅም፣ ኦንላይን ይሞላል፣ ነገሩ በሆነ በ180 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። በመክሰሳችሁ ልጁን መበቀልም የተከለከለ ነው። አሁን ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ አትጠብቁ። በ2014 የኦባማ አስተዳደር ለትምህርት ቤቶች ስለ ቅጣት አድልዎ መመሪያ አውጥቶ ነበር፣ በ2018 መጨረሻ ተሻረ፣ በማርች 2025 ከ12ቱ የቢሮው ቅርንጫፎች 7ቱ እንዲዘጉ ተወሰነ፣ ኤፕሪል ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቅጣት ፖሊሲ በዘር ቁጥር እንዳይታይ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ህጉ ግን በዘር ማዳላትን የሚከለክለው የ1964ቱ ሲቪል ራይትስ አክት ነው፣ እሱ በፊርማ አይሻርም። ክሱን አስገቡ፣ ጎን ለጎን የስቴታችሁን የትምህርት መስሪያ ቤትና ነፃ የህግ እርዳታ ሊጋል ኤይድ ያዙ። እና ያቺ የ1964 ህግ በማን ደም እንደመጣች አስባችሁ «እኛ እንደነሱ አይደለንም» የምትለዋን አባባል ትንሽ ዋጥ አርጓት።

10. ከልጃችሁ አልፋችሁ ደንቡን ለማስቀየር

ትምህርት ቤታችሁ ስንት ጥቁር ልጅ እንዳለውና ከሚታገዱት ስንቱ ጥቁር እንደሆነ የሲቪል ራይትስ ዳታ ኮሌክሽን የሚባለው የፌዴራል ገፅ ላይ በትምህርት ቤቱ ስም ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሐበሻ ለብቻው የለም፣ ሁላችንም አንድ ሳጥን ውስጥ ነን። ቁጥሩን ፕሪንት አርጋችሁ ያዙ።

ከዛ ሰው ሰብስቡ። ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ለቀብርና ለድግስ መቶ ሰው በአንድ ቀን የምንሰበስብ ህዝብ ለዚህ አስር ሰው አያቅተንም። የጥቁር አሜሪካን ወላጆችን ጨምሩ፣ ኤን ዳብል ኤ ሲ ፒ የሚባለው የጥቁሮች የመብት ማኅበር ቅርንጫፍ በየአካባቢው አለ፣ ከኛ በፊት መንገዱን ያውቁታል።

ምን ትጠይቃላችሁ? «ዲሲፕሊን ይቅር» አትበሉ፣ ማንም አይሰማችሁም፣ ደግሞም ልክ አይደለም፣ ተማሪ የሚመታት አስተማሪና የምትረበሽ ክፍል አለች። ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ። እንደ ካሊፎርኒያ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ከማገጃ ምክንያትነት ይውጡ። የታገደው ልጅ ቁጥር በዘር ተከፍሎ በየሴሚስተሩ ለወላጅ ይቅረብ። ከማገድ በፊት የሚሞከሩ እርምጃዎች ይጻፉ።

ሬስቶራቲቭ ጀስቲስ የሚባለውን ብዙ ቦታ ይጠይቃሉ፣ ኦክላንድና ዴንቨር ታዋቂ ናቸው። የበደለና የተበደለ በክብ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ ጉዳቱ እንዴት እንደሚካስ ይስማማሉ። መጀመሪያ ሲያስረዱኝ ሳቅኩ፣ ሽምግልና እኮ ነው! ግን ሽምግልና ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ፒትስበርግ ውስጥ ራንድ የሚባል የምርምር ተቋም ያጠናው በ2018 ወጥቶ ነበር፣ እገዳው ቀነሰ፣ በጥቁርና በነጭ መሀል ያለው ልዩነትም ጠበበ፣ የ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ልጆች የፈተና ውጤት ግን ወረደ። ስለዚህ ስትጠይቁ የሰለጠነ ሰውና ባጀት አብራችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ አስተማሪዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ስራ መጫን ብቻ ነው የሚሆነው፣ እሷም በሁለተኛው ወር ትተወዋለች።

የቦርድ ስብሰባ ላይ መናገር ለምትፈልጉ፣ ስም የሚመዘገበው ቀድሞ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከቀናት በፊት ኦንላይን፣ ሄዳችሁ በር ላይ ልናገር ብትሉ አይሆንም። የሚሰጣችሁ ሁለት ወይ ሶስት ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ማይኩን ይዘጉታል፣ በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ስትመዘገቡ ጠይቁ። አንድ ሰው ስለ ቁጥሩ፣ አንድ ሰው ስለ ቃሉ፣ አንድ ሰው ስለ ልጁ ይናገር፣ ሁላችሁም አንድ ታሪክ አትድገሙ። ቤት በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ ተለማመዱ፣ እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ሰባት ደቂቃ ፈጀ፣ ልጄ ነው ቁጭ ብሎ ስለ መኪናው መንገድ የጻፍኩትን በሙሉ የሰረዘልኝ።